ያልተሟሹት ኩባያዎች

አፍንጫዬ ሥራውን ያቆመው በክረምት ነው። ትኩሳቱ ሰነባብቶ ለቀቀኝ፣ ሳሉም ተወኝ፣ እኔም አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሥራዬ ቡና መቅመስ ነበር። ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የቅምሻ ክፍል ጎልማሳነቴን ጨርሻለሁ፤ ከሊሙ ገነት፣ ከጎማ፣ ከጌራ የሚመጣውን ናሙና እያሸተትኩ፣ በማንኪያ ፉት እያልኩ፣ እየተፋሁ። ያን ቀን እንደ ልማዴ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ የተፈጨውን ቡና ሳሸት ኩባያው ባዶ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየሁት፤ ቡናው አለ። ደግሜ ጎንበስ አልኩ። ምንም የለም።

ሰው ቡና የሚጣፍጠው በምላሱ ይመስለዋል። ምላስ የሚያውቀው ጎምዛዛውን፣ መራራውን፣ ጣፋጩንና ጨውን ነው። የቀረው ሁሉ፣ አበባ አበባ የሚለው፣ ማር ማር የሚለው፣ የሻገተው፣ ጆንያ ጆንያ የሚለው፣ በአፍንጫ የሚታወቅ ነው። ለእኔ የተረፈኝ እንግዲህ ትኩስ መራራ ውሃ ነበር። ሐኪሙ የሽታ ነርቭ ተጎድቷል፣ መድኃኒት የለውም፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ። በየጠዋቱ የለመዷቸውን ነገሮች ማሽተት ያግዝ ይሆናል ብሎም መከረኝ።

ባለቤቴ ምክሩን እንደ ሶላት ያዘችው። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለው ቤታችን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ጤና አዳምና የተቆላ ቡና በትሪ ደርድራ ፊቴ ትቀመጣለች። ዓይኔን ጨፍኜ አንድ በአንድ አሸታለሁ። ዛሬስ ትለኛለች። ትንሽ አለ እላታለሁ። ምንም አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እኔ ግን መድኃኒት እንደሌለው ከተነገረኝ በኋላ ምን ብዬ ልግለጠው? ትንሽ አለ ስላት ፊቷ ይፈታል፣ ቁርሳችንን እንበላለን፣ ቀኑ ይጀምራል። የለም ብላት ቀኑ የሚጀምር አይመስለኝም ነበር።

የማያሸት ሰው ምን እንደሚፈራ ያልደረሰበት አያውቅም። ወተት ምድጃ ላይ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲሞላ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማ ነበር። የገዛ ላቤን ስለማላውቀው በቀን ሁለቴ መታጠብ ጀመርኩ፤ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ራቅ እላለሁ። ልጄ አራስ ልጇን ይዛ ስትመጣ አንገቱ ሥር አፍንጫዬን ቀብሬ ብዙ ቆየሁ። የሕፃን ሽታ ምን እንደነበር ትዝ ሊለኝ ይዳዳል፣ አይመጣም። ልጁን መለስኩላትና ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

መሥሪያ ቤት ሲያውቁ ወደ መጋዘን አዛወሩኝ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጆንያ ለመቁጠር አፍንጫ አያስፈልግም ብሎ አስቦልኝ ነው። ሐሳቡ ግን እንደ እሾህ ነበር። ወደ መጋዘኑ ስሄድ በቅምሻ ክፍሉ በር ማለፍ አለብኝ፤ ውስጥ ቡና በማንኪያ ሲሳብ የሚወጣው ያ የፉጨት ድምፅ ይሰማኛል። እግሬ በራሱ ይቆማል። ባልደረባዬ፣ አብረን ጠረጴዛው ላይ ያረጀነው፣ በመስታወቱ ያየኝና ቶሎ ዓይኑን ይሰብራል።

መውጫ ያገኘሁ የመሰለኝ በኩባያ በኩል ነው። ቅምሻ ክፍል ውስጥ ኩባያ ይሰበራል፤ ከገበያ የሚገዛው ምትክ ደግሞ ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል። እኩል ያልሆነ ኩባያ እኩል ቡና አይዝም፣ ፍርዱም ይዛባል። ስለዚህ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሳማርር ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ኩባያዎቹን እኔ ልሥራላችሁ አልኩት። ሸክላ በእጄ ነክቼ አላውቅም። እሱም ሳይስቅ ሠርተህ አምጣና እንያቸው አለኝ፤ ከሆኑ ኩባያ ማጠቡን፣ መደርደሩን፣ ውሃ መቅዳቱን ለእኔ ሊሰጠኝ ተስማማ። ባልቀምስም እዚያ ክፍል ውስጥ እቆማለሁ ማለት ነው። የፈለግሁት ይኼንን ብቻ ነበር። ይህ ካልሆነልኝ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ አንዳንድ ጠዋት ለምን ነቃሁ እል ነበር።

በኪቶ ፉርዲሳ መንገድ፣ ከቆርቆሮ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዲት ወጣት ሴት በመሽከርከሪያ ሸክላ መሥራት ታስተምራለች። ከዳውሮ በኩል የመጣች ጴንጤ ናት። እናቷና አክስቶቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ እነሱ ግን መሽከርከሪያ አያውቁም፣ ራሳቸው ሸክላውን እየዞሩ በእጃቸው ነው የሚያንጹት። እሷ መሽከርከሪያውን አዲስ አበባ ተምራ መጣች። ሰልጣኞቹ ዊል ይሉታል፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው። ሙያዬን ነገርኳት፤ ጋሼ እያለች፣ እርስዎ እያለች፣ አንድ ድቡልቡል ጭቃ እጄ ላይ አስቀመጠችና ዊሉ መሐል ላይ ይምቱት አለችኝ።

ቢስሚላህ ብዬ መታሁት። ዊሉ ሲዞር ጭቃው እጄን እንደ ወይፈን ወረወረው። ደገፍ አድርጌ ያዝኩት፣ እንደገና ወረወረኝ። ትከሻዬን ጥዬ ገፋሁት፣ ግማሹ ተገንጥሎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ነገሩ ሁሉ ጭቃውን መሐል ማስያዝ ላይ ነው፤ መሐል ካልያዘ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ይወላገዳል። ክንዴን ጭኔ ላይ እንዳስደግፍ፣ በትከሻ ሳይሆን በሰውነቴ ክብደት እንድጫን፣ ውሃ እንዳላበዛ ነገረችኝ። ገባኝ አልኩ። እጄ ግን አልገባውም። ቤት ስገባ ወገቤን ይዤ ነበር፤ ባለቤቴ ልብሴን አይታ ምን ዓይነት ረግረግ ውስጥ ወድቀህ ነው አለችኝ።

ሳምንታት አለፉ፣ ጭቃው መሐል መያዝ ጀመረ፣ እኔ ግን አንድም ኩባያ አልነበረኝም። ምክንያቱ ሙያዬ ነበር። በእኛ ሥራ አንድ የሻገተ ፍሬ አንድ ኩባያ ያበላሻል፣ አንድ ኩባያ ደግሞ አንድ መኪና ቡና ሊያስጥል ይችላል። ስለዚህ እንከን ስናይ አንለማመጥም፤ እንተፋለን፣ እንጥላለን፣ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ዊሉም ላይ እንደዚያው ሆንኩ። ጠርዙ ትንሽ ቢወዛወዝ፣ ግድግዳው በአንድ በኩል ቢሳሳ፣ የጭቃ መቁረጫ ሽቦዬን አንስቼ ከሥሩ ቆርጬ ወደ ባልዲው። ልጆቹ የተጣመሙ ማሰሮዎቻቸውን ደርድረው ፎቶ ይነሳሉ፣ የእኔ መደርደሪያ ባዶ ነው። አስተማሪዬ ለሳምንታት ስታየኝ ቆየችና አንድ ቀን አጠገቤ መጥታ ሽቦውን ከእጄ ወሰደችው።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት አይተፋም» አለችኝ።

ተናደድኩ። ዕድሜዬን ጠቅሼ፣ ሙያዬን ጠቅሼ ተናገርኳት። እሷ ሽቦውን ኪሷ ከትታ ሌላ ልጅ ልታግዝ ሄደች። ወቅቱ ኅዳር ነበር፤ እሸት ቡና የጫኑ አይሱዙዎች በመንገዱ ያልፋሉ። የቡና ማጠቢያዎቹ ሽታ ከተማውን ይዞታል እያሉ ሰልጣኞቹ አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ፤ ያ የኮመጠጠ የገለፈት ሽታ ለእኔ በዓመቱ ትልቁ ደስታ ነበር። አዲሱ ምርት ደርሷል፣ ሥራ ሊጀመር ነው ማለት ነበር። አሁን በአፍንጫዬ አየሩን ሳብኩ፣ ደግሜ ሳብኩ። ንፋስ ብቻ። ዊሉ ባዶውን እየዞረ፣ እኔ ፊቴን ለመጥረግ እንኳ እጄ በጭቃ ተለውሶ፣ እንባዬ አገጬ ድረስ ወረደ። ሁሉም እንዳላዩ ሆኑ። ጅማ ውስጥ ሰው እንደዚህ ነው የሚያከብርህ።

ሽቦ ከሌለህ ያበላሸኸውን መጨረስ ግድ ይሆንብሃል። የተወላገደውን እስከ ጠርዙ አደረስኩት፣ የሚቀጥለውም ተወላገደ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ትንሽ ቀና አለ። ቁመታቸውን የምለካበት እንጨት ቆረጥኩ፣ ለአፋቸውም ሌላ። አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ነው የምወጣው። በታኅሣሥ መጨረሻ መደርደሪያዬ ላይ እኩል የሆኑ ኩባያዎች ቆሙ፤ ስታያቸው ከአንድ እናት የወጡ ይመስላሉ። ወላሂ፣ ከታመምኩ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ጠግቤ በላሁ።

የሚቀረው ማቃጠል ነበር። የኤሌክትሪክ ማቃጠያው መብራት እየመጣ እየሄደ ጨርሶ አይሞቅም። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልቻልኩም፤ የቅምሻው ወቅት እየገፋ ነው፣ ካለፈ ለዓመት ነው። ስለዚህ ከአዳራሹ ጀርባ በጡብ በተሠራው ምድጃ በእንጨትና በቡና ገለባ አቃጠልናቸው። እሷ በአንድ በኩል በኢየሱስ ስም ብላ ጸለየች፣ እኔ በሌላው በኩል ቢስሚላህ አልኩ። ሲወጡ ቀልተው፣ ሲነኳቸው እየጮሁ፣ ሳይሰነጠቁ ወጡ። እጇን ይዤ አመሰገንኳት። እሷ ግን አንዱን ኩባያ አገላብጣ አየችውና ሙቀቱ ሸክላውን እንደ መስታወት ለሚያለብሰው ቅብ አልበቃም፣ ይሄ ገና ውሃ የሚጠጣ ሸክላ ነው አለችኝ። ወይ ማቃጠያው እስኪሠራ ይጠብቁ፣ ወይ ደግሞ እንደ አገር ቤቱ ያሟሿቸው አለች። እናቷ አዲስ ሸክላ የምታሟሸው በቡና አተላ ደጋግማ በማፍላት ነው፤ አፈሩ የሚለቀው እንደዚያ ነው።

ማሟሸት ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና የሚያፈላ ሰው ጅማ ውስጥ የለም። እኔ ግን ቀማሽ ነኝ። የቅምሻ ኩባያ ምንም አይነካውም፤ ሽታ ያለው ሳሙና አይነካውም፣ ሽቶ የተቀባ እጅ አይነካውም፣ የሌላ ቡና አተላማ ጭራሽ። ይኼንን ሕግ ለስንት አዲስ ሠራተኛ እየጮህኩ አስተምሬያለሁ። የቅምሻ ኩባያ አይሟሽም አልኳት። እርስዎ ያውቃሉ አለችኝ።

ቤት ወስጄ በፈላ ውሃ ደጋግሜ ለቀለቅኳቸው፣ ፀሐይ ላይ ደፋኋቸው። ሲደርቁ እያንዳንዱን አንስቼ አፍንጫዬ ላይ ደገንኩ፤ ስንት ዓመት እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁ፣ እጄ ራሱ ነው የሚያነሳው። አንዱንም ሳልዘልል አሸተትኩ። ንጹሕ ናቸው ብዬ በጋዜጣ ጠቀለልኳቸው።

በማግስቱ ቅምሻ ክፍል ገባሁ። ነጭ ጋዋኔን ለበስኩ። የዚያን ቀን ናሙና ከሊሙ ገነት የመጣ የታጠበ ቡና ነበር፤ አቅራቢው፣ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ፣ በረንዳው ላይ ውጤት እየጠበቁ ነው። ባልደረባዬ ኩባያዎቼን ሲያይ በሁለት እጁ አንስቶ አገላበጠና ማሻአላህ አለ። ደረደርኳቸው። የተፈጨውን እኩል እኩል አደረግሁ፣ ውሃውን ቀዳሁ፣ አንድም ጠብታ አላፈሰስኩም። ቡናው ላዩ ላይ አረፋውን ጋግሮ እስኪቆም ጠበቅን። ተመልሻለሁ አልኩ በልቤ። አልሐምዱሊላህ፣ ተመልሻለሁ።

ባልደረባዬ ማንኪያውን ይዞ ጎንበስ አለ፣ የመጀመሪያውን አረፋ ሰበረና አሸተተ። ቆም አለ። ሁለተኛውን ሰበረ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ እኔም ስንት ጊዜ ለብሼዋለሁ፤ ቅንድቡ አይነቃነቅም፣ አፉ ብቻ ትንሽ ይጨማደዳል። ሁሉንም አዳረሰ፣ ቀመሰ፣ ተፋ፣ ደግሞ ቀመሰ።

«አፈር አፈር ይላል» አለ። «ሁሉም።»

አፈር አፈር የሚል ቡና የሚወድቅ ቡና ነው። መሬት ላይ ተሰጥቷል፣ አያያዙ ተበላሽቷል ማለት ነው። በመስኮቱ ሽማግሌውን አየኋቸው፤ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነው፣ ስለ ቡናቸው ዱዓ የሚያደርጉ ይመስላል። አንዱን ኩባያ አንስቼ ቡናውን ሳብኩ። ትኩስ ነው፣ ይመራል። ከዚያ በላይ ምንም አልነገረኝም። ባልደረባዬ ውጤቱን ሊጽፍ እስክሪብቶ ሲያነሳ ነው የገባኝ፤ አፈሩ የቡናው ሳይሆን የኩባያዎቼ ነበር።

«በአሮጌዎቹ ድገመው» አልኩት።

አየኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የተረፉትን ነጫጭ ኩባያዎች ከቁም ሳጥኑ አወጣ፣ ያንኑ ቡና ራሱ ፈጨ፣ ውሃውንም ራሱ ቀዳ። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ሲያሸት ፊቱ ተፈታ። ሲቀምስ ዓይኑን ጨፈነ። ጥሩ ቡና ነው፣ አበባ አለው፣ ሎሚ አለው አለና ወዲያው በማለቱ የተጸጸተ መሰለኝ። ሽማግሌው ገብተው ውጤታቸውን ሰሙ፣ ሁለታችንንም መርቀው ወጡ። ኩባያዎቼ ምን ሊያደርጓቸው እንደነበር አላወቁም።

ባልደረባዬ ቡናውን ደፍቶ የእኔን ኩባያዎች አጠባቸው፣ በፎጣም አደራረቃቸው። ሥራቸው ያምራል፣ ለቢሮ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ቢሆኑ አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ከዚያ በኦሮምኛ ጨመረበት፤ «ማል ጎና?» ምን እናደርጋለን ማለቱ ነው። ጋዋኔን አውልቄ ሰቀልኩት፣ ኩባያዎቹን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ባጃጅ አልያዝኩም፣ በእግሬ ሄድኩ። አዌቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ጥቅሉን ወንዙ ውስጥ ልወረውረው አነሳሁት። ያስቆመኝ ብልሃት አይደለም፤ ብዙ ሰው ስለነበረ አፈርኩ። ባለቤቴ በር ስትከፍት ፊቴን አየች፤ አፈር አፈር አሉ ብዬ ጥቅሉን ሰጠኋት። እራት አልበላሁም። ግድግዳው ላይ አፍጥጬ ተኛሁ፤ እንግዲህ መጋዘን ነው፣ ከዚያ ጡረታ ነው፣ ከዚያ አፈር ነው፣ እሱንም አላሸተውም እያልኩ።

ጠዋት ሶላቴን ጨርሼ ስወጣ ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ይንፈቀፈቃል። ባለቤቴ ሳትጠይቀኝ ኩባያዎቹን በቡና አተላ ዘፍዝፋ እሳት ላይ ጥዳቸዋለች። ትሪውም እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ሎሚው፣ ቅርንፉዱ፣ ጤና አዳሙ፣ ቡናው። ተቀመጥኩ። አንዱን ኩባያ በጭልፋ አወጣችና በውሃ አለቀለቀችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ የቤታችን ቀማሽ እኔ ስለሆንኩ፣ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውን ሁልጊዜ አሽትልኝ ትለኝ ስለነበር፣ ሳታስበው ኩባያውን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«አፈሩ ለቀቀ?» አለችኝ።

ትንሽ አለ ልላት አፌን ከፈትኩ። በክረምት የጀመርኩት ቃል ነው፣ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያ የሊሙ ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዓይኔ ላይ መጡ።

«እኔ አይሸተኝም» አልኳት። «ምንም። እስከ ዛሬም ምንም ሸቶኝ አያውቅም። አንቺ አሽተሽ ንገሪኝ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ኩባያውን ቀስ ብላ ወደ ራሷ መለሰችው፣ አፍንጫዋን አስገብታ ረዘም አድርጋ ሳበች፣ እኔ ቅምሻ ላይ እንደማደርገው ዓይኗን ጨፍና።

«ገና ነው» አለችና መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ትሪውን አነሳችው። ቅርንፉዱን ማሰሮው ውስጥ መለሰች፣ ጤና አዳሙን ጀበናው አጠገብ አስቀመጠች። ሎሚውን ለሁለት ቆርጣ ሻዬ ውስጥ ጨመቀችውና ፊቴ አቀረበችልኝ። ጠጣሁት። ኮመጠጠኝ።